ካልወደድሽው ይወልቃል

ልብ የሸፈተ ለት እጅም አብሮ ይሸፍታል። የሆቴሉ ስልክ አገናኝ፣ የስልኳ ልጅ፣ ያን ቀን ከማለዳ ጀምራ ያላበላሸችው ነገር አልነበረም። ፎጣ የፈለገውን እንግዳ ከወጥ ቤት ጋር አገናኘችው፤ ሾርባ ሊያዝ የደወለውን ደግሞ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ላከችው። ሰውዬው «ነጭ ነው ወይስ ባለቀለም?» ተብሎ ሲጠየቅ ግራ ገብቶት «ትኩስ ይሁን እንጂ የመጣው ይምጣ» አለ። ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ሰምታ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። ዛሬ ግን ወንበሩ የሚቆረቁራት ይመስል ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ማዳመጫውን ታወልቃለች፣ መልሳ ታጠልቃለች።

በሆቴሉ ውስጥ ከደመወዝ ክፍል በቀር በስሟ የሚጠራት የለም። ለሁሉም «የስልኳ ልጅ» ናት። ስትቀጠር ግን ለስልክ አልነበረም፤ ለእንግዳ መቀበያ ነበር። ፈተናውን አንደኛ ወጥታ፣ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቀርባ፣ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ፈገግ ስትል ሰውዬው ዓይኑን ወደ ወረቀቱ ሰበር አደረገና «ድምፅሽ በጣም ጥሩ ነው» አላት። ድምፅሽ ጥሩ ነው የተባለች ሴት ፊቷ እንዳልተፈለገ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልጋትም። ከመቀበያው ጀርባ መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ሰጧት፤ ይኸው እስከ ዛሬ እዚያችው ናት።

ነገሩ የጥርስ ነው። ባደገችበት ቆላ የጉድጓዱ ውሃ የጠጣውን ልጅ ሁሉ ጥርስ ያጠቁራል። የእሷም የፊት ጥርሶች ጤነኛና ጠንካራ ሆነው ሳለ ሻይ እንደፈሰሰበት ነጭ ጨርቅ ቡናማ መስመርና ነጠብጣብ ወርሷቸዋል። ቢፋቅ፣ ቢታጠብ አይለቅም። ልጅ ሆና ሁሉም የመንደሩ ሰው እንደዚያው ስለነበር ነውር መሆኑን አታውቅም ነበር። ከተማ ገብታ ነው የተማረችው።

ልቧን ያሸፈተውን ጥርስ ሠሪ ያገኘችውም በዚያችው ክፍል፣ በስልክ ነው። ለእናቱ ክሊኒክ የስብሰባ አዳራሽ ሊከራይ ደወለ፤ ተከራይቶ ከጨረሰም በኋላ ሰዓቱን ረሳሁት፣ የወንበሩን ብዛት ረሳሁት እያለ ሲደውል ከረመ። እንዲህ የሚረሳ ሰው እንዴት ቁጥሯን ብቻ እንዳልረሳ አልጠየቀችውም። አንድ ቀን በአካል መጣና «የድምፁን ባለቤት ፈልጌ ነው» አለ። ስትስቅ ሌላው እንደሚያደርገው ዓይኑን አልሰበረም። አተኩሮ አያት። እንዲያውም በጣም ስላተኮረ ተናደደችበት፤ ሥራው ከፖርሴሊን፣ ስኒ ከሚሠራበት ነጭ ሸክላ፣ ጥርስ መሥራት መሆኑን ስታውቅ ደግሞ ይብሱን ተናደደች። ቁጣው ግን ብዙ አልዘለቀም። ሴት ልጅ የተናደደችበትን ወንድ ቶሎ ካልረሳችው ነገሩ ሌላ ነው።

ችግሩ የጥርስ ሐኪሟ እናቱ ናቸው። ዶክተሯ ባለ ሁለት ፎቅ ክሊኒክ ያላቸው፣ ወግ አዋቂ፣ አንድ ልጃቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚያዩ ሴት ናቸው። የስልኳ ልጅ ደግሞ ከልብስ ሰፊ አክስቷ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር። ልጃቸው ስለ እሷ ሲነግራቸው እሺም እንቢም አላሉም፤ «ጥርሷን ልየው» ብቻ አሉ። እንግዲህ የስልኳ ልጅ በዶክተሯ ጥርስ ውስጥ የገባችው ያን ዕለት ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ወንበሩ ላይ አስተኝተው አዩዋት። ዶክተሯ አያንቆለጳጵሱም፣ አይዋሹም። «ሁለት መንገድ አለ» አሏት። «አንደኛው የቆየው ነው። የጥርስሽን ፊት በስሱ እሞርደዋለሁ፤ የጥፍር ያህል ውፍረት እንኳ አይሞላም። የተነሳውን ቦታ ፖርሴሊኑ ይተካዋል። ቡናማውን አጥፍቶ ይሸፍናል። ግን የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክሽን ሽፋን ያስፈልገዋል፤ ሲያረጅም እየተቀየረ። ሁለተኛው ሳይሞረድ የሚለጠፍ ነው። መርፌ የለውም፣ ሕመም የለውም። ግን ስስ ስለሆነ እንዲህ ያለ ቀለም መሸፈኑን እጠራጠራለሁ። እንዲሸፍን ከወፈረ ደግሞ አፍ ይሞላል። እኔን ከጠየቅሽኝ ይሞረድ። የእኔ ቤት ሰው ግማሽ ነገር አይወድም።»

«የእኔ ቤት ሰው» የሚለው ቃል የልጅቷን ልብ ወደ ላይ አነሳው። ገና ሳይወርድ ልጃቸው ከበሩ አጠገብ ጮክ ብሎ «አይሞረድም!» አለ። «ሳይሞረድ ይሻላል። ካልወደድሽው ይወልቃል።»

ይኸው ከማክሰኞ ጀምሮ ይህቺ ቃል ከጆሮዋ አልወጣችም። ይወልቃል። የማይፈልጓት እናት ዕድሜ ልክ የሚዘልቀውን ሲመርጡላት፣ እወድሻለሁ የሚላት ልጅ የሚወልቀውን መረጠላት። ሊያኖራት ያሰበ ሰው ስለ መውለቅ ለምን ያስባል? ቤቱ ሳይገቡ የመውጫ በሩን የሚያሳይ ምን ዓይነት አፍቃሪ ነው? ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ስልኩ ይጮሃል፤ እሷ ግን የራሷን ልብ ትሰማለች። ቅዳሜ ከሰዓት ቀጠሮዋ ነው። ቅዳሜ ያላትን ሁሉ የምታጣበት ቀን መስሎ ታያት።

* * *

አክስቷ ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ «ዛሬም ፊትሽ ጠቁሯል» አሏት። እሳቸውም ከዚያው ጉድጓድ የጠጡ ናቸው፤ ጥርሳቸው ከእሷ ይብሳል።

«አልወሰንኩም አክስቴ።»

«ምኑን ነው የምትወስኚው? እኔ በዚህ ጥርስ ሁለት ባል አግብቻለሁ። አንዱ ሞተ፣ አንዱ ጠፋ፤ ሁለቱም ግን አንድ ቀን ስለ ጥርሴ ተናግረውኝ አያውቁም።»

«ሁለተኛው እኮ ያለ መነፅር አያይም ነበር።»

«እሱም አንድ ፀጋ ነው!» አሉና ሳቁ። እሷም ሳትወድ ሳቀች። ጥርስ ባዳ ነው የሚባለው ለዚህ ነው፤ ልብ እያለቀሰ እሱ ይስቃል።

አክስቷ ጨርቁን ከመርፌው ሥር አወጡና ጭናቸው ላይ አጠፉት። «የሰርጌን ፎቶ አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ምን እመስላለሁ?»

«የተቆጣሽ።»

«አልተቆጣሁም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጥርሴ እንዳይታይ አፌን ስገጥም ነው እንጂ።» ድምፃቸው ቀስ አለ። «ልጄ፣ እኔ ተይው የምልሽ ስለሚያምር አይደለም። ጥርስሽን ስትቀይሪ እኔን ትቀይሪኛለሽ ብዬ ስለምፈራ ነው። እሱን ደግሞ አንቺ አትስሚኝ፤ የአሮጊት ቅናት ነው።»

ተነስታ አንገታቸውን አቀፈች። 

ጥርስ ሠሪው ደወለ። ደጅ ወጥታ አነሳችው።

«ድምፅሽ ጠፋብኝ እኮ» አላት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህና እውነቱን ንገረኝ። ለምንድነው ይወልቃል ያልከው?»

«ማለት?»

«ለምን ይወልቃል አልክ?»

እዚህ ላይ ሌላ ወንድ ቢሆን፣ ብልጥ የሆነ ወንድ፣ ጥያቄው ስለ ጥርስ እንዳልሆነ ይገባው ነበር። እሱ ግን ባለሙያ ነው፤ የተጠየቀውን መለሰ። «ማጣበቂያው ስለሚለቅ ነዋ! ጥርሱ ስላልተነካ እማዬ በጥንቃቄ ብታነሳው ከሥሩ ያለው ምንም አይሆንም። ትንሽ ጊዜ ይወስዳል እንጂ…»

«ገባኝ» አለችው።

«ምኑ?»

«ማጣበቂያው» ብላ ዘጋችው። ስልኩን ደረቷ ላይ ይዛ ደጁ ላይ ቆመች። በመንገዱ ሰው ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ሁሉም የሚሄድበትን የሚያውቅ ይመስላል። እሷ ብቻ መግባትም መሄድም አቃታት። እንደዚያ ቀን ብቸኝነት ተሰምቷት አያውቅም።

* * *

ቅዳሜ ክሊኒኩ ስትደርስ ዶክተሯ ጓንታቸውን አጥልቀው ጠበቋት። ጥርስ ሠሪው ከምድር ቤቱ መሥሪያው፣ ከጂፕሰሙና ከምድጃው መሃል ወጣ፤ እጁ ላይ ትንሽ ሣጥን ይዟል። ዓይኗን ፈለገ። አልሰጠችውም።

«ሁለት ሠርቼልሻለሁ» አላት። «ሳይሞረድ የሚለጠፈውን፣ ለፊት ሁለቱ ብቻ። ለዛሬ አይጣበቅም፣ እንድታይው ነው። እማዬ፣ መብራቱን አጥፊው፤ ቀለም በመስኮት ብርሃን ነው የሚታየው።»

ወደ መስኮቱ ወሰዳት። ሁለቱን ስስ ፖርሴሊኖች ለጊዜው በሚይዝ ጄል ነክሮ አንድ በአንድ በጥርሶቿ ላይ አሳረፈ።  ትንፋሹ ግንባሯን ነካው፤ ተቆጥታም ሳለ ራቅ አላለችም።

«እይው» አለና መስታወቱን ሰጣት።

አየችው። ነጭ ነው፣ ያበራል። ግን ከነጩ መሃል፣ ቀጭን ሆኖ፣ ማር ቢጤ ሆኖ፣ ያው መስመር አለ። ያው የጉድጓዱ ውሃ።

ዶክተሯ ጠጋ ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አላልኩም? ስስ ነው፤ አሳለፈ። ይሄ ቀለም በመለጠፍ የሚሸፈን አይደለም።»

የስልኳ ልጅ መስታወቱን ዝቅ አደረገች። ሳምንቱን ሙሉ የፈራችው ደረሰ። የሚወልቀውም አልሆነላትም። ጥርስ ሠሪው ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ባለቀ፤ ጥፋቱ የፖርሴሊኑ ይሆን ነበር። እሱ ግን ወለሉን እያየ «አላሳለፈም» አለ።

«ምን?» አሉ እናቱ።

«አላሳለፈም እማዬ። መስመሩን የቀባሁት እኔ ነኝ። በብሩሽ፣ ምድጃ ከመግባቱ በፊት።»



«መጀመሪያ ንፁህ ነጭ ሠርቼ ነበር» አለ፤ አሁን የሚያወራው ለእሷ ነው። «ማክሰኞ በተወሰደው የጥርስሽ የጂፕሰም ቅርፅ ላይ ገጥሜ አየሁት። የማላውቃት ሴት ሆነችብኝ። አንቺን ፈልጌ አጣሁሽ። ከዚያ ብሩሹን አነሳሁ። አንቺ እስክትመጪ ድረስ ቀባሁ። ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።»

«ጥሩ የሠራህ መስሎህ ነበር» ብላ ደገመችው። ፖርሴሊኖቹን በጣቶቿ አንስታ እጁ ላይ አስቀመጠቻቸው። ድምፅዋ፣ ያ እንግዳ ሁሉ የሚያመሰግነው ድምፅዋ፣ ይሰነጠቅ ጀመር። «ለአንተ ቀለም ነው። ለእኔ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። ሥራ አስኪያጁ ፊት ፈገግ ስል የሰበረው ዓይን ነው። አክስቴ በሰርጓ ቀን አፏን ገጥማ የቆመችበት ፎቶ ነው። አንተ ወደድከው፤ እሺ፣ እግዜር ይስጥህ። የተሸከምኩት ግን እኔ ነኝ! የተሸከምኩትን መልሰህ ቀብተህ ታሸክመኛለህ?»

«አላሰብኩትም…»

«እንድታስብ አይደለም የምፈልገው። ይወልቃል ስትለኝ ሳምንቱን ሙሉ ምን እንዳሰብኩ ታውቃለህ? ይሄ ሰው አልጨከነብኝም፣ ግን ሊያኖረኝም አልቆረጠም አልኩ። የሚወልቅ ነገር ያስቀምጥብኛል፤ እኔም ካልተስማማሁት እንዲሁ አንስቶ ይጥለኛል አልኩ።»

ጥርስ ሠሪው ቀና አለ። ፊቱ የጂፕሰም ዱቄት መሰለ። «እኔ? አንቺን?» አለና ቃል አጠረው። ከዚያ ፈነዳ። «የፈራሁትማ ሌላ ነው! ለእኔ ብለሽ፣ ለዚህ ቤት ብለሽ፣ ከገላሽ ላይ አንድ ነገር ተቆርጦ ቀርቶ በኋላ ብትጠዪኝስ? ጥርስሽን ምን ብዬ እመልስልሻለሁ? እኔ ፖርሴሊን እንጂ ጥርስ መሥራት አልችልም! ይወልቃል ያልኩት አንቺ ነፃ እንድትሆኚ ነው። እኔማ የምወልቅበት ቦታ የለኝም፤ ያለቀልኝ ሰው ነኝ።»

ሳምንቱን ሙሉ የታጠረባት ነገር በአንድ ጊዜ ተናደ። ግን ደስታ ብቻውን አልመጣም፤ ንዴቱም አልሄደም። እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና «ንፁሁ የት አለ?» አለችው።

ከሣጥኑ ሌላ ጥንድ አወጣ። የጥርሷን ቀለም እንዲሸፍን ወፈር አድርጎ የሠራው ነው። አሳረፈላት። በመስታወቱ ውስጥ መስመሩ የለም፣ ነጠብጣቡ የለም። በየቀኑ የምትለውን ልትል ሞከረች፤ «እንደምን ዋሉ፣ የትኛውን ክፍል ፈልገው ነው?» ክፍል ስትል ጥርሱ ከንፈሯን መታ፤ ፈልገው ስትል ነፋስ አመለጠ። የሌላ ሰው አፍ ተበድራ የምታወራ መሰለች። ጥርስ ሠሪው ዓይኑን ጨፈነ። እሷም ገባት፤ ሳይሞረድ የሚሸፍነው ድምፅዋን ይወስድባታል። አውልቃ መለሰችለት።

 ዶክተሯ ወንበር ስበው ከፊቷ ተቀመጡ፤ ጓንቱን አወለቁ።

«ልጄ» አሏት፤ እንዲህ ብለው ሲጠሯት የመጀመሪያቸው ነው። «ማክሰኞ የእኔ ቤት ሰው ብዬሽ ነበር። ያን ያልኩት ልፈትንሽ ነው፤ ጥሩ አላደረግኩም። አሁን እንደ ሐኪም ስሚኝ። ከሞረድኩት በኋላ ልጄን አገባሽው አላገባሽው፣ እኔን ወደድሽኝ ጠላሽኝ፣ ያ ጥርስ አይመለስም። ሰው ይቅር ይላል፣ የተሞረደ ጥርስ ግን ይቅርታ አያውቅም። ስለዚህ ለእኔ ብለሽ ከሆነ አልነካሽም። ለእሱም ብለሽ ከሆነ አልነካሽም። ጥርስሽን እንዳለ ብትተዪው ደግሞ በእኔ በኩል ተቀብዬሻለሁ፤ ጥርስሽን አይቼ ልብሽን አልመዝንም። አሁን ሂጂና እደሪበት።»

«ሳምንቱን ሙሉ አድሬበታለሁ ዶክተር። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።»

ወደ ጥርስ ሠሪው ዞረች። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ዓይኑን በዓይኗ ያዘችው።

«ይሞረድ» አለች። «ለራሴ ነው። አንተ ደግሞ ንፁህ አድርገህ ትሠራዋለህ፤ ብሩሽ እንዳታነሳ። ያቺን የማታውቃትን ሴት ትተዋወቃታለህ። እኔም ገና ልተዋወቃት ነው፤ እኔም እፈራታለሁ። ካልወደድካት ግን…» 

«ጥርስሽን አይቼ ነው እንዴ መጀመሪያ የወደድኩሽ?» አላት ቀስ ብሎ። «ባላየሁት ጊዜም ያለ እንቅልፍ ነው ያደርኩት።»

ዶክተሯ ጓንታቸውን መልሰው አጥልቀው ወንበሩ ላይ አስተኟት። የማደንዘዣው መርፌ ቆነጠጣት፤ ከዚያ የላይኛው ከንፈሯ ቀስ በቀስ የሰው ንብረት ሆነባት። ጥርስ ሠሪው እናቱ ጥርስ ሲሞርዱ በክፍሉ ውስጥ ቆሞ አያውቅም፤ ድምፁን አይችለውም፣ ሁሌ ወደ ምድር ቤት ይሸሻል። ዛሬ ግን የምራቅ መምጠጫውን አንስቶ ከራስጌዋ ተቀመጠ። ጥቂት ቆየና ድንገት፣ ሳያስብበት፣ «ታገቢኛለሽ?» አላት።

«አንተ!» አሉ ዶክተሯ። «አፏን አደንዝዤልህ ነው እንዴ ጋብቻ የምትጠይቀው? ሰው ይሄን ሲሰማ አስገድደዋት ነው አይልም?»

የስልኳ ልጅ «አዎ» ልትል ከንፈሯን አዘዘችው፤ እምቢ አለ። «አ…ኦ» የሚል ነገር ወጣ፤ ምራቋ በአገጯ ወረደ። እንዲህ አስቀያሚ ሆና ለማንም ታይታ አታውቅም። ጥርስ ሠሪው ግን እንደ ልጅ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ፤ በመምጠጫው ምራቋን ማንሳት ረስቶ በእጅጌው ጠረገላት።

«እዚህ ክፍል ውስጥ የሚያለቅሰው መርፌ የሚፈራ ሰው ብቻ ነው» አሉ እናቱ፤ ግን እሳቸውም ወደ መብራቱ ዞረው ብዙ ቆዩ። ከዚያ መሞረጃውን አነሱ። «ከጀመርኩ አልመለስም። ልጀምር?»

ልቧ አልተረጋጋም። እንዲያውም ከሳምንቱ ሁሉ ይልቅ አሁን ነው ደረቷን ሊቀድ የደረሰው። እጇን ዘረጋች፤ እጁን አገኘችው፤ ጨበጠችው። ከዚያም ዶክተሯን በዓይኗ አዎ ብላ አፏን ከፈተች።